ቃር፣ ራስጌ እና የእናቴ ሽምብራ

ጥቅምት 3

ዛሬ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «ቃር» ብዬ ጻፍኩበት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ስለካ ነው የምውለው። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥለኝን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም።

ቀን ይተወኛል። ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ከደረቴ ሥር ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል። አንዳንዴ ኮምጣጣው አፌ ውስጥ ይገባል። ያኔ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ውኃ እጎነጫለሁ፣ እስኪበርድልኝ ግድግዳ ተደግፌ እቆያለሁ። ለሰው አላወራሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ብዙ ጠየቀኝ። ሰገራህ ጠቁሮ ያውቃል? ደም አስመልሶህ ያውቃል? ሳታስበው ከስተሃል? ስትውጥ ምግብ ይይዝሃል? ሁሉንም የለም አልኩ። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ነገሩ ሌላ መሆኑን፣ ቤት ተቀምጦ የሚሞከር ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ይህን መጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ቀጥሎ ምን ኪኒን እንደምወስድ ጠየቀኝ። ለወገቤ ዳይክሎፌናክ አልኩት። ከአንድ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ሁለት ዓመት ወስጄዋለሁ። የጨጓራን ሽፋን የሚጎዳ መድኃኒት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም ነበር። አስቆመኝ። የሰገራ ምርመራም አዘዘልኝ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አልተገኘብኝም። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ስምንት ሳምንት ወሰድኩ፣ እፎይ አልኩ። መድኃኒቱ ሲቆም አሲዱ ለጥቂት ሳምንታት ብሶ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር መስከረምን ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ቃሩ ከበፊቱ ቀለል ብሎ፣ ግን ተመልሶ መጣ። «ምግብህንና አተኛኘትህን አስተውል። ካልተሻለህ ተመለስ» አለኝ።

እንግዲህ ላስተውል ነው።

ስለ ባክቴሪያው ቤት ገብቼ አነበብኩ። ድሮ የጨጓራ ቁስል በጭንቀትና በሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ይባል ነበር። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ሆኖ፣ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው አለ። ብዙዎች አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፣ ትንፋሹ ተበላሸ፣ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እኔን የያዘኝ መጠጣቱ አይደለም። ከመጠጣቱ በፊት ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን አስመርምሮ ነበር። ያንን ባያደርግ ኖሮ ሕመሙ ከምን እንደመጣ ማን ያምነው ነበር?

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 10 ሌሊቶች ምንም አልቀይርም። እንደወትሮዬ እበላለሁ፣ እንደወትሮዬ እተኛለሁ። የሚቀየረው መጻፌ ብቻ ነው። ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት በላሁ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ። ጠዋት ከማንም ጋር ሳላወራ ለቃሩ ከ0 እስከ 5 ቁጥር እሰጠዋለሁ።

ጥቅምት 13

ከ10 ሌሊት 7ቱ አቃጥሎኛል። ሲጻፍ ያስደነግጣል። ሰው ቢጠይቀኝ «አልፎ አልፎ» ነበር የምለው።

ደብተሩን ሱቅ ውስጥ መጋዙ አጠገብ ስለማስቀምጠው ሰው አየው። ያየ ሁሉ መካሪ ሆነ። ተልባ ጠጣ፣ ፌጦ ሞክር፣ ወተት ሳታፈላ ጠጣ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ። ጥፋተኛው በርበሬ ነው። እኔም አምኜበታለሁ። የሚያቃጥል ነገር በልቶ መቃጠል፣ ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ነገር አለ?

ከነገ ጀምሮ በርበሬ የለም። 10 ሌሊት።

ጥቅምት 19

ዛሬ ጠዋት ራሴን ያዝኩት። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መቀመጤን አውቃለሁ። ደብተሩ ላይ ግን «1» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? በርበሬ መተዌ እንዲሠራ ስለፈለግሁ። ባለቤቴ ለእኔ ብላ ሁለት ድስት ነው የምትጥደው። ለልጆቹ ቀይ፣ ለእኔ አልጫ። ልፋቷ ከንቱ እንዳይሆንባት እጄ ቁጥሩን ዝቅ አደረገው።

ጣውላ ስለካ እንዲህ አላደርግም። ሜትሩ 82 ካለ 82 ነው። የገዛ ሥቃዬን ስለካ ግን ሜትሩም እኔ፣ ጣውላውም እኔ ነኝ።

ስለዚህ አለካኩን ቀየርኩ። ከራስጌ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት ቀፎና ባዶ ስኒ አስቀመጥኩ። ቃር በቀሰቀሰኝ ቁጥር አንድ የክብሪት እንጨት አውጥቼ ስኒው ውስጥ እጥላለሁ። ጠዋት እቆጥራለሁ። በእንቅልፍ ልቤም ቢሆን እጄ ይህንን መሥራት ይችላል።

ጥቅምት 24

የክብሪቱን ነገር ቀድሜ ባስበው ምን ነበረበት። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ባለቤቴ «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ «ደህና፣ ዛሬስ ተኝቼ አደርኩ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት። ዞር ስል ስኒው ውስጥ ሁለት ክብሪት አለ። ሁለት! አንዱንም አላስታወስኩም። አንዱ እንጨት እንደውም ተሰብሯል፣ በጨለማ ስፈልግ ተጭኜው ይሆናል።

ያለ በርበሬ ከቆየሁባቸው 10 ሌሊቶች 6ቱ ያቃጠሉ ናቸው። ከበፊቱ አንድ ሌሊት ነው የቀነሰው። እሱም ቢሆን አለካኬን መሐል ላይ ስለቀየርኩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከኋለኞቹ ጋር እኩል አላያቸውም። በርበሬ ማንንም አያቃጥልም አልልም፣ የሚያቃጥለው ሰው ብዙ ነው። የእኔን ሌሊት የሚቀሰቅሰው ግን ዋናው እሱ አይደለም።

ዛሬ ማታ ቀይ ሽሮ ተሠራ። ባለቤቴ ጭልፋውን ይዛ «ላድርግልህ?» አለችኝ። አድርጊልኝ አልኩ። እንዴት ናፍቆኝ ነበር።

ኅዳር 5

ቡና። ይህኛውን በርትቼ ነው የሠራሁት። ሳላውቅ ብጠጣው ምን ይሆናል ብዬ ባለቤቴን ለመንኳት። ገብስ ቆላች፣ ጥቁር እስኪል። ወቅጣ እንደ ቡና በጀበና አፈላችው። አንድ ቀን እውነተኛውን፣ አንድ ቀን የገብሱን፣ ቅደም ተከተሉን እሷ እንደፈቀደች። ጣዕሙ እንዳያሳብቅ በሁለቱም ላይ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። ትልቋ ልጄ የዕለቱን እውነት በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ጣሳ ውስጥ ትከታለች። እኔ ደግሞ ግምቴን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

ዛሬ ጣሳውን ከፈትን። ልጄ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች አነበበች። ከ10 ቀን 9ኙን አውቄዋለሁ። ጤና አዳሙ ምንም አልጋረደም። ገብስ ምላስ ላይ ለስለስ ብሎ ይቀራል፣ ቡና ግን ከጉሮሮ ወርዶም ምሬቱ ይቆያል። ስለዚህ «ሳላውቅ ጠጣሁ» ማለት አልችልም።

ቢሆንም ክብሪቶቹ አሉ። በቡና 5 ሌሊት 3ቱ፣ በገብስ 5 ሌሊት 4ቱ አቃጥለዋል። ቡናም አይደለም ማለት ነው፣ ለእኔ።

ያልፈለግሁትን ሌላ ነገር ግን አገኘሁ። ቡና በጠጣሁ ቀን እንቅልፍ የሚወስደኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 12 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ከምሽቱ 5 ሰዓትም ግማሹ ውስጤ ነው። ቡናዬን ወደ ከሰዓት አዛውሬዋለሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሳላጎድል።

ኅዳር 7

አሁን ወደ ሙያዬ መጣሁ። አልጋውን ከራስጌ ከፍ ማድረግ።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብቅና የሚላላ ጡንቻ አለ። እሱ በማይገባው ሰዓት ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ቆመን ስንሆን ክብደቱ ራሱ ወደ ታች ይመልሰዋል። ተጋድመን ግን የሚያግደው የለም። በዚያ ላይ እንቅልፍ ላይ ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም ይቀንሳል። ቀን ላይ ቧንቧውን የሚያጥበው ምራቅ ነው። ለካ ቀን የሚተወኝ ለዚህ ኖሯል። ትራስ መደራረብ ብዙ እንደማይጠቅምም አነበብኩ። ትራስ ሰውን ከወገቡ አጥፎ ሆዱን ይጫነዋል። ከፍ ማለት ያለበት አልጋው ራሱ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር።

18 መረጥኩ። አልጋዬ 190 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ተዳፋቱ ከ5 ዲግሪ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሲሉት ትንሽ ነው፣ ሲተኙበት ይታወቃል።

ከራስጌ እግሮቹ ሥር የሚገቡትን ብሎኮች መጀመሪያ ከባሕር ዛፍ ልቆርጥ ነበር። ባሕር ዛፍ ግን እየደረቀ ሲሄድ ይሰነጠቃል። የሁለት ሰው ክብደት በተሰነጠቀ እንጨት ላይ አላስቀምጥም። ካለፈው የቁም ሳጥን ሥራ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ነበረኝ። ሦስት ሦስቱን በኮላ አጣብቄ በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኳቸው። ዛሬ ጠዋት በስኳድራ አስተካክዬ ቆረጥኳቸው። ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአልጋው እግር ከላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አንድ ሌሊት ሲገላበጡ ይንሸራተታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ብሎክ ከላይ በመሮ ቦረቦርኩት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እግሩ ልክ ገብቶ የሚቀመጥበት። ከፍታውን 21 አድርጌ የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ሦስቱ በጉድጓዱ ይበላል፣ 18 ይቀራል። ከታች ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ መታሁበት፣ ሊሾው ላይ እንዳይሄድ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ይቺን ለደንበኛም ብንሠራት እኮ ትሸጣለች» አለ። መጀመሪያ ትሥራ እስቲ አልኩት።

ኅዳር 14

ሰባት ሌሊት። ያቃጠለኝ በሁለቱ ብቻ። አንዱ በኅዳር ሚካኤል ሌሊት ነው፣ ጎረቤት ቤት አምሽተን በልተን።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ሌሊት ወደ ግርጌ ስትንሸራተት አደረች። ሁለተኛው ላይ ስፖንጅ ፍራሹም አብሮ ወረደ። ከግርጌ በኩል ጣውላ መታሁለት፣ ከፍራሹ ሥርም ቡሉኮ አነጠፍን። አሁን ለምደነዋል። ትንሹ ልጃችን ግን ከራስጌ ወደ ግርጌ መንከባለሉን አልተወም።

ደስ ብሎኛል፣ በጣም። ግን ሰባት ሌሊት ገና ሰባት ሌሊት ነው። ነገ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። አመጋገቤ በአንድ ጊዜ ሊቀየር ነው። ሥጋና ቅቤ ይቀራል፣ የመጀመሪያው ምግብ ወደ 9 ሰዓት ይሄዳል። ከነገ በኋላ ቢሻለኝ በጾሙ ይሁን በአልጋው እንዴት አውቃለሁ?

ሲያሳስበኝ ዋለና ማታ መፍትሔው መጣልኝ። ጾሙን እንዳለ ልተወው። በጾሙ ውስጥ ግን ብሎኩን አምስት ሌሊት ላስገባው፣ አምስት ሌሊት ላውጣው፣ እንደገና አምስት፣ እንደገና አምስት። ቃሩ ከብሎኩ ጋር ከወጣና ከገባ የብሎኩ ነው።

ታኅሣሥ 5

20 ሌሊት ጨረስኩ። ከፍ ባለው አልጋ መጀመሪያ ከ5 ሌሊት 1፣ ሲደገም ከ5 ሌሊት 2። ብሎኩ ሲወጣ መጀመሪያ ከ5 ሌሊት 4፣ ሲደገም 3።

ብሎኩን ለማውጣት ልቤ እሺ አላለም ነበር። የተሻለውን ነገር እያወቁ ወደ ሕመም መመለስ ነው። በዚያ በኅዳር መጨረሻ ብርድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተቀምጬ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ብሎኮቹን ግድግዳ ሥር ሳያቸው ተነሥቼ ላስገባቸው ምንም አልቀረኝም። ባልመለስ ግን አላውቅም ነበር።

አሁን የቀሩኝ ብሎኩ እያለ ያቃጠሉኝ ሦስት ሌሊቶች ናቸው። ደብተሩን ገልብጬ ሦስቱን ጎን ለጎን አየሁ። የበላሁት ይለያያል፤ አንዱ ምስር፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ጎመን በድንች። «የራት ሰዓት» የሚለውን ዓምድ ሳይ ግን እጄ ቀጥ አለ። 3፡20። 3፡30። 3፡15። ሦስቱንም ሌሊት የተኛሁት 4 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

ለጥር ሠርግ የታዘዙ አልጋዎች ስላሉብኝ አምሽቼ ነው የምሠራው። ቀኑን በጾም አሳልፌ፣ 9 ሰዓት ላይ ትንሽ ቀምሼ፣ ማታ ርቦኝ እገባለሁ። ብዙ እበላለሁ። ወዲያው እተኛለሁ። ጠጣር ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ለማለቅ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ቅባት ካለው ደግሞ ይቆያል። እኔ ሙሉ ከረጢት ይዤ ነበር የምጋደመው።

ይህ ዓምድ እኮ ከጥቅምት 3 ጀምሮ እዚያው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን «ምን በላሁ» የሚለው ላይ ተክዬ ከርሜያለሁ። ሁሉም ሰው ስለ ምግቡ ነበር የሚያወራው፣ እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 16

አሥር ሌሊት ራቴን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በላሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ተኛሁ። ብሎኩን አውጥቼ፣ አልጋው እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ። ያቃጠለኝ 3 ሌሊት ነው።

ከሁሉም ሙከራ የከበደኝ ይኸኛው ነው። በርበሬ መተው የምላስ ነገር ነው፣ ይቻላል። የራት ሰዓት ግን የቤቱ ሁሉ ነው። ባለቤቴ ሱቋን ዘግታ የምትገባው 2 ሰዓት አልፎ ነው። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ስቀርብ እንጀራው አልወረደልኝም። እሷም ገብታ ሳህኔን ታጥቦ ስታየው ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ከእኔ ጋር ይብሉ ተባባልን። እነሱም ርቧቸው ነው የሚጠብቁት። እሷ ስትገባ ደግሞ እኔ ሻይ ይዤ እሷ ስትበላ አብሬያት እቀመጣለሁ። አንድ ጉርሻ አትቀርም፣ ያንን ደብተሩ ላይ «ጉርሻ 1» ብዬ እመዘግባለሁ።

ወደ ሱቅ ከራት በኋላ ተመልሼ እሠራለሁ። ከበሉ በኋላ ቆሞ መሥራትም ሳይረዳ አይቀርም።

ታኅሣሥ 26

ብሎኩም ገብቶ፣ ራቱም 1 ሰዓት ሆኖ 10 ሌሊት። አንድ ክብሪት። በ10 ሌሊት አንድ!

ዛሬ ጠዋት ስኒውን ለባለቤቴ ሰጠኋት። አጥቢው አልኳት። አቧራ ነበረበት።

ስለ ስፓላንዛኒ ያነበብኩትም ትዝ አለኝ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ተመራማሪ። ምግብ በጨጓራ ውስጥ የሚፈጨው እንደ ወፍጮ ተጨፍልቆ ነው ወይስ በፈሳሽ ሟሙቶ የሚለውን ለማወቅ፣ ዳቦና ሥጋ በትንንሽ የበፍታ ከረጢት ሰፍቶ ራሱ ይውጥ ነበር። ከረጢቱ ሲወጣ አልተቀደደም፣ ምግቡ ግን የለም። ፈሳሹ አሟሙቶታል። የአገሩም ሰው ሳንቶሪዮ ከእሱ በፊት በሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ የሚበላውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን 30 ዓመት ያህል መዝኗል። የእኔ ገና ሦስተኛ ወር መግባቱ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቼ መስለው ይሰሙኛል።

ጥር 1

በገና ሌሊት ቅዳሴ ወጥተን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ቤት ገብተን ጾም ፈታን። ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ ጠላ። ከዚያ ተኛን። ብሎኩ ነበር፣ ቢሆንም አራት ክብሪት። ከ43 ቀን በኋላ ከቤተሰቤ ጋር የበላሁት ዶሮ ነው፣ ቅር አላለኝም። ጻፍኩትና አለፍኩ።

ጥር 12፣ ሉማሜ

ለጥምቀት እናቴ ጋ መጣን። ብሎክ ይዤ አልመጣሁም። እናቴ ቤት ያለው መደብ ነው፣ የጭቃ። አጎዛ ተነጥፎበታል። እንግዳ ስለነበር ራት የተበላው መሽቶ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሣብኝ። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ስቀመጥ፣ ከወዲያኛው መደብ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። እናቴ ናት። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። እኔ ደብረ ማርቆስ እንደምደገፈው።

«አንተም ነህ?» አለችኝ።

«ምኑ፣ እምዬ?»

«የሚያቃጥለው።»

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። አባትህ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ አለች። አባቴ ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። ተልባ ስትጠጣ ይበርድላታል። ለማን ትናገር? እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ነው።

ጨለማው ውስጥ እነዚያን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ሰገራሽ ጠቁሮ ያውቃል? ያስመልስሻል? ሲዋጥ ይይዝሻል? የለም፣ የለም፣ የለም። ግን ዕድሜዋ ከ60 አልፏል፣ ሕመሙም ቆይቷል። ሲነጋ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አልኳት። ለቃር ብዬ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ እንዴ አለችኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ አምስት ዓመት እንደቆየሁ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «በግራህ ጋደም በል፣ በግራ ሲተኙ ይሻላል» አለችኝ።

ይህን በወረቀት አንብቤዋለሁ። ጨጓራ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለሆነ በግራ ሲተኙ ከረጢቱ ከቧንቧው አፍ በታች ይውላል። የሚቀጥለው ሙከራዬ ሊሆን ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት በራሷ ገላ ደርሳበታለች።

ጥር 14፣ ሉማሜ

የእናቴ ምርመራ ወጣ። እኔ ያልተገኘብኝ ባክቴሪያ እሷ ላይ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጣት፣ ለ14 ቀን። ሁለታችንም በተመሳሳይ ሰዓት እንነሣለን፣ አንድ ዓይነት ግድግዳ እንደገፋለን፣ የሚያቃጥለን ነገር ግን አንድ አይደለም። ለደንበኞቼ ብሎክ እየሠራሁ «ይኸውላችሁ መድኃኒቱ» ብዬ ብሰጥ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ ተመርመር እለዋለሁ።

መደቡን ከራስጌው ከፍ እናድርገው ስላት ደስ አላት። እኔ ግን አመነታሁ። መድኃኒቱን ትጨርስ፣ ከዚያ መደቡን እንሥራ፣ አለበለዚያ የትኛው እንዳሻላት አናውቅም አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ቁጭ ብያለሁ» አለችኝ።

አፈርኩ። ተነሥቼ ጭቃ አቦካሁ። የጤፍ ጭድ ጨመርንበት፣ በእግራችን ረገጥነው። እሷ በእጇ እየለሰነች፣ እኔ በሜትር እየለካሁ፣ በራስጌ በኩል 18 ሳንቲ ሜትር አስነሥተን ወደ መሐል እያዳፋን አስተካከልነው። እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል። እስከዚያ በግራ ጎኗ።

ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ክብሪቱን ነገርኳት። ክብሪት አታባክን አለችኝ፣ ሽምብራ አለ። ባቃጠላት ሌሊት ጠዋት ተነሥታ አንድ ሽምብራ ቅል ውስጥ ትጥላለች።

ጥር 22፣ ደብረ ማርቆስ

ማታ በስልክ ደወልኩላት።

«ቅሉ ውስጥ ስንት ሽምብራ አለ?»

«ሦስት።»

«ከስንት ሌሊት?»

«ሌሊቱንማ አልቆጠርኩም።»

እኔ ነኝ ያልነገርኳት። ሳስብ ቆይቼ ምን እንደምላት ሳላውቅ እሷ ቀደመችኝ። «ደህና ላደርኩበት ባቄላ እጥላለሁ» አለች። ሽምብራ ለተቃጠለ፣ ባቄላ ለደህና። ከዛሬ ትጀምራለች።

ጥር 28

ደወለች። ኪኒኑን ትናንት ጨርሳለች። ቅሉን ጭኗ ላይ ገልብጣ ስትለይ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

የደብተሬን አዲስ ገጽ ከፍቼ «እምዬ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፦ ባቄላ 5፣ ሽምብራ 1።